ገበር የለበሰው ኮምፒውተር

አሸነፍኩ ወንድሜ። የትምህርት ቤቱ አርማ ሥራ የእኔ ሆነ፤ ያሸነፍኩትም መርፌ በወጋጋቸው በእነዚህ ጣቶቼ ዕቃ በዕቃ መርጬ በገጣጠምኩት ኮምፒውተር ነው። ይኸው ይህንንም ደብዳቤ የምጽፍልህ በእሱ ላይ ነው። ፊደሉን በሁለት ጣት ስለምለቅመው ጊዜ ይፈጅብኛል እንጂ፣ እሱስ እንደ ሙሽራ ሰረገላ ዝግጁ ሆኖ ይጠብቀኛል።

ውይ፣ ሰላምታውን ቀድሞ ምላሴ ሮጠ። ለውድ ታናሽ ወንድሜ፣ ከነቤተሰብህ እንደምን ሰነበትክልኝ? ጤናህስ እንዴት ነው? ያ የወገብህ ሕመም ለቀቀህ ወይስ አሁንም እንደ ሽማግሌ ግድግዳ ይዘህ ነው የምትነሣው? እናታችንስ ጉልበቷ እንዴት ሆነላት? ሚስትህስ፣ ልጆቹስ፣ ሁሉም ደህና ናቸው? እኔ ደህና ነኝ። ደህና ብቻ ብዬ ብተወው ግን ውሸታም እሆናለሁ፤ ጮቤ እየረገጥኩ ነው። የልጆቼ አባትም አውቶቡሱን እየነዳ ደህና አለ። በስልክ ልነግርህ እችል ነበር። ግን አውቅሃለሁ፣ ግማሹን ሳልጨርስ «ገባኝ፣ ገባኝ» ትላለህ። ወረቀት ማቋረጥ አይቻልም፤ ስለዚህ ቁጭ ብለህ ስማኝ።

ነገሩን ከሥሩ ልጀምርልህ። አምና አንድ ፋብሪካ ዕቃውን ሲለውጥ በርካሽ የገዛኋትን የጥልፍ መኪና ታውቃታለህ። ጉልበት አላት፣ ጥርስ አላት፤ ጭንቅላት ግን የላትም። የምትጠልፈውን ሥዕል በኮምፒውተር ስዬ በፍላሽ አድርጌ ካላጎረስኳት በቀር ዝም ብላ የምትቆም ናት። አሣሣሉን በሴቶች ማኅበሩ ሥልጠና ሦስት ወር ተምሬ ወረቀቱን ግድግዳዬ ላይ ሰቅያለሁ። የምስልበት ኮምፒውተር ግን አልነበረኝም። ሥዕል ባስፈለገኝ ቁጥር ሌላ ከተማ ልኬ፣ ሁለት ሳምንት ጠብቄ ነበር የማሠራው።

ሥራውም እንደ ድሮው አይደለም ወንድሜ። ሰው የተሰፋ ልብስ ከሱቅ አንሥቶ መልበስ ከጀመረ ወዲህ ቀሚስ የሚያሰፋኝ የለም፤ ሱሪ የሚያሳጥርና ዚፕ የሚያስቀይር ብቻ ነው የቀረኝ። በዚፕ ደግሞ የክፍል ኪራይ አይወጣም። እንዲህ ሆኜ ሳለሁ ነው ርእሰ መምህሯ ማስታወቂያ የለጠፈችው። ለአዲሱ ዓመት የተማሪዎቹን የደረት አርማ መጥለፍ የሚፈልግ፣ አንዱ ከሌላው የማይለይ ሦስት ናሙና እስከ ዐርብ ጠዋት ያምጣ ይላል። በማስታወቂያውና በዐርቡ መካከል የነበረው ሦስት ሳምንት ነው።

ከፊት ለፊቴ ያለውን ትልቅ ስፌት ቤት ባለቤት፣ ባለ ሱፉን፣ ነግሬህ የለ? ፀሐዩ አናት ሲበሳ እንኳ ሙሉ ሱፉን የማያወልቀው ሰውዬ። ማስታወቂያው በተለጠፈ ማግስት ደጄ ድረስ መጣና፣ «እትዬ፣ ለምን ትደክሚያለሽ? እኔ ጋ መስኮት ዳር ወንበር አለ። ክፍልሽን ዝጊና ደሞዝሽን እየበላሽ ስፊ» አለኝ። በክፋት አይመስለኝም የተናገረው፤ እሱ ነው ይበልጥ ያበገነኝ። ሃያ ሁለት ዓመት የራሴን በር በራሴ ቁልፍ ከፍቼ፣ ዛሬ በሰው ደወል ልገባ ልወጣ? አላደርገውም ብዬ ማልኩ። አርማውን ካላገኘሁ ግን መሐላዬ ኪራይ እንደማይከፍል ሆዴ ያውቀዋል።

ያን ጊዜ ነው ለአንተ የደወልኩልህ። ዕቃውን ለየብቻ ገዝቼ ልገጥመው ነው ብልህ ምን አልከኝ? «ተሠርቶ ያለቀውን ግዢ። ኮምፒውተር ቀሚስ አይደለም፣ በልክ አይሰፋም» አልከኝ። ያቺ ቃልህ እንደ መርፌ ስትወጋኝ ከረመች። የሆነ ሆኖ ታናሽም ቢሆን ወንድም ነውና ምክርህን ሰምቼ መስታወት በር ወዳለው ሱቅ ሄድኩ። ሻጩ ጎኑ ቀይና አረንጓዴ የሚያበራ አንዱን አሳየኝ። መብራቱ ምን ይሠራል ብለው፣ ያምራል አለኝ። ዋጋውን ሲነግረኝ የያዝኩት ገንዘብ ግማሹን እንኳ አይሞላም። ርካሹን አሳየኝ አልኩት። ርካሹ ደግሞ ያስተማረችን መምህርት «ይህን ያህል ራም ከሌለው የጥልፍ ሥዕል አይከፍትም» ካለችው በታች ነው። ገበሩ አምሮ ጨርቁ የሳሳ ኮት ማለት ነው። እግዜር ይስጥልኝ ብዬ ወጣሁ።

መንገድ ላይ ስሄድ አሰብኩ። ጥሩ ልብስ የፈለገ ሰው እንዴት ነው የሚያሰፋው? ጨርቁን ከአንዱ፣ ክሩን ከሌላው፣ ቁልፉን ከሦስተኛው እየመረጠ ነው። ቤቴ ገብቼ የልብስ ቅድ የማወጣበትን ትልቅ ወረቀት ገለበጥኩና የሚያስፈልገኝን ሁሉ ጻፍኩ። ከዚያ ባለኝ ገንዘብ ልክ በጠመኔ እየሰረዝኩ አሳነስኩት።

መጀመሪያ የሰረዝኩት ያንተን ግራፊክስ ካርድ ነው። ያለ እሱ ኮምፒውተር ኮምፒውተር አይባልም ብለኸኝ ነበር፤ አትቀየመኝ። መምህርቷን ብጠይቃት ለጌምና ለፊልም ሠሪ ነው አለችኝ። የእኔ ሥራ መስመርና ነጥብ ነው። ሥዕሉን ራሱ አውጥቶ ስክሪን ላይ የሚያሳይ ፕሮሰሰር አለ ስትለኝ፣ ያን ካገኘሁ ምን ቆርጦኝ ሁለት ጊዜ እከፍላለሁ አልኩ። ሃርድ ዲስኩን ትንሹን ግን ፈጣኑን ያዝኩ፤ እኔ ዘጠኝ መቶ ፊልም አላስቀምጥበት። ስክሪኑ ጥጉ ላይ ጭረት ያለበት፣ ኪቦርዱ ያገለገለ ይሁን አልኩ። ፓወር ሰፕላዩን ብቻ አዲስ፣ ያውም ደህናውን። ያ ሁሉ ዕቃ መብራቱን የሚያገኘው ከእሱ ነው። ልብስ ሰፊ ጨርቅ ላይ ሊቆጥብ ይችላል፣ ክር ላይ አይቆጥብም፤ ክሩ ከተበጠሰ የጨርቁ ውድነት ማንን ያለብሳል?

ያገለገለ ዕቃ ወደሚሸጥበት መደዳ የወሰደኝ የልጆቼ አባት ነው፤ አውቶቡሱ እዚያ ያልፋል። ብሎኔ የሚባሉ ሽማግሌ ነጋዴ አሉ። ኪሳቸው ሁሉ ብሎን ስለሆነ ሲራመዱ እንደ ቃጭል ይሰማሉ። ሁሉም የሚሰካበትን ሰሌዳ፣ ማዘርቦርድ ስጡኝ ስላቸው አንዱን አቀበሉኝ፤ እኔም እንደ ጨርቅ ገልብጬ ጀርባውን አየሁ፣ አሸተትኩት። አንደኛዋ ትንሽ በርሜል የመሰለችው ነገር አናቷ አብጧል። ይህን አልወስድም አልኳቸው። «የት ነው የተማርሽው?» አሉኝ። ልብስ ሰፊ ነኝ አልኳቸው። ሳቁና ከጠረጴዛው ሥር ሌላ አወጡ። ፕሮሰሰሩንም ከቦርዱ ጋር እያስተያየሁ ነው የመረጥኩት። ቁልፍና የቁልፍ ቀዳዳ ነው ነገሩ፤ የሚያምር ቁልፍ ገዝቶ የማይገባበት ቀዳዳ ላይ መተከል የስንቱን ገንዘብ በልቷል። ራሙን ሁለት ፍሬ ወሰድኩ። የብረት ሣጥኑ፣ ኬዙ፣ ጎኑ የተጨረማመተ ነበርና በነጻ በሚባል ዋጋ ሰጡኝ፤ የልጆቼ አባት በእንጨት መዶሻ ቀና ቀና አደረገው።

ማክሰኞ፣ ናሙናው ሊደርስ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ የስፌት ጠረጴዛዬን ጠርጌ ገጠምኩት። ሰውነቴ ላይ ያለ ኤሌክትሪክ ዕቃውን እንዳይጎዳው፣ ብሎኔ እንዳዘዙኝ የሱፍ ሹራቤን አውልቄ፣ እጄን ብረት አስነክቼ ነው የጀመርኩት። ፕሮሰሰሩ ሳይገፋ በራሱ ቁጭ አለ። ሙቀት የሚያስተላልፈውን ቅባት የሽምብራ ፍሬ የምታክል ጠብ አድርጌ ማራገቢያውን ከላዩ አሰርኩ። የልጆቼ አባት መነጽሩን አፍንጫው ላይ ሰክቶ መመሪያውን ያነብልኛል። አንድ ገጽ ባነበበ ቁጥር፣ ይህ ነገር ከተነሣ እኔ ነገ አውሮፕላን እነዳለሁ ይላል።

አሁን እንግዲህ የማፍርበትን ልንገርህ፤ አንተም አትሳቅ ብዬ አልለምንህም። የእኔን ክፍል ታውቀዋለህ፣ የጨርቅ ብናኙ እንደ ጭጋግ ነው። ብናኝ የስፌት መኪናን ምን እንደሚያደርግ በሃያ ሁለት ዓመት አይቻለሁ። የኬዙ ሆድ ደግሞ ባዶ ብረት ሆኖ ዓይኔን ወጋው። ገበር የሌለው ኮት አይቼ ማለፍ አልችልም፣ ተፈጥሮዬ ነው። ከአንድ ሙሽራ ሚዜ ቀሚስ የተረፈኝ ደማቅ ወይን ጠጅ ሳቲን ነበር። በሜትሬ ለካሁ፣ ቆረጥኩ፣ መካከሉ ስስ ጥጥ አስገብቼ በድርቡ ሰፋሁ፣ ጠርዙን አጠፍኩ፣ የኬዙን ውስጥ ዙሪያውን አለበስኩት። ለምን እንደተበሳ ያልገባኝን ያን ሁሉ ቀዳዳ ደፈንኩት። ሲያልቅ የጌጣጌጥ ሣጥን መሰለ። ወንድሜ ሙት፣ አምሮ ነበር።

ቁልፉን ስጫነው ተነሣ። በአንድ ጊዜ። የልጆቼ አባት መመሪያውን ከእጁ ጣለው፤ እኔ እልል ብዬ ጎረቤቱን ሰበሰብኩ። ሥዕሉን ከፍቼ የአርማውን ዛፍ ግንድ መሳል ጀመርኩ። ሩብ ሰዓት አልሞላም፣ ድርግም። ድጋሚ አስነሣሁት፤ ተነሣ፣ ትንሽ ቆየና ድርግም። ረቡዕን ሙሉ እንዲህ ሆኜ ዋልኩ። ሁለት ቅጠል ስዬ ይጠፋል፣ አስነሥቼ ሌላ ቅጠል ስል ይጠፋል። ዛፉን ቅጠል በቅጠል ነው ያሳደግኩት። የልጆቼ አባት ቀስ ብሎ፣ ያገለገለ ነገር መቼስ ያገለገለ ነው አለ። አጠገቤ ሆኖ ማጽናናቱ ነበር፤ እኔ ግን ወሽመጤ ብጥስ አለ። ያንተም ድምፅ በጆሮዬ መጣ። ሐሙስ ጠዋት ደግሞ ባለ ሱፉ በመስኮቴ አንገቱን አስግጎ ወንበሩ አሁንም ባዶ ነው ብሎኝ ሄደ። የተሸነፍኩ መሰለኝ። የመረጥኩትን ዕቃ ሁሉ በየተራ ጠረጠርኩት፤ ብሎኔንም አልማርኳቸውም።

ኬዙን በብርድ ልብስ ጠቅልዬ እንደ ሕፃን አቅፌ ወደ ብሎኔ ሄድኩ። ገና ከደጃፉ፣ የተቃጠለ ፕሮሰሰር ነው የሸጡልኝ ብዬ አንባረቅሁባቸው። መደዳው ሁሉ ቀና አለ። ብሎኔ ብሎኖቹን ፈትተው ጎኑን ከፈቱት። ጎንበስ ብለው ውስጡን አዩ። ከዚያ ጎረቤታቸውን ጠሩ፤ እሱም መጥቶ ጎንበስ አለ።

«ልጄ፣» አሉኝ በመጨረሻ፣ «ይህን ካፖርት ያለበሰው ማነው?»

«እኔ ነኝ። ከአቧራ እንዲጠበቅ።»

«ፀሐይ ላይ የሚሮጥን ሰው በብርድ ልብስ ትጠቀልይዋለሽ? ይህ እኮ በነዚህ ቀዳዳዎች ነው የሚተነፍሰው። ሲታፈን ራሱን እንዳያቃጥል ብሎ ነው የሚጠፋው።»

አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል ማለት ይህ ነው። መሬት ብትከፈት እገባ ነበር። ጎረቤትየው ሳቲኑን በጣቱ ዳበሰና፣ ስፌቱ ግን እንከን የለውም አለ፤ ያኔ እኔም ሳቄ አመለጠኝ፣ ሁሉም ሳቁ። አንገቴ ላይ የተንጠለጠለውን መቀስ ይዤ የገዛ እጄን ሥራ እዚያው ተረተርኩት። ብሎኔንም ስለ ጩኸቴ ይቅርታ ጠየቅኋቸው። እሳቸው ከመብራትና ከራሳቸው ስክሪን ጋር ሰክተው፣ ዱካ አቀረቡልኝ። አንድ ሰዓት ሙሉ ሳልንቀሳቀስ ተቀምጬ አየሁት። ማራገቢያው ይሽከረከራል፣ ስክሪኑ ይበራል፣ የሚጠፋ ነገር የለም። ዕቃዬ አንዱም አላሳፈረኝም ነበር፤ ያፈንኩት እኔ ነኝ።

ብናኙን ግን አልተውኩትም። ቤቴ ስገባ ቬሎ የሚሠራበትን ስስ መረብ ጨርቅ በኬዙ ፊት ልክ ቆርጬ፣ ጠርዙ ላይ ላስቲክ አስገብቼ፣ እየወጣ የሚታጠብ አደረግሁለት። በኋላ ለብሎኔ ባሳያቸው፣ ይህኛው ይተነፍሳል አሉና ለደንበኞቻቸው አሥር እንድሰፋላቸው አዘዙኝ።

ሌሊቱን ሥዕሉን ጨርሼ ጠለፍኩና፣ ዐርብ ጠዋት ሦስት ናሙናዬን ይዤ ርእሰ መምህሯ ቢሮ ገባሁ። ባለ ሱፉም ሦስቱን ይዞ ቀድሞኛል። እውነቱን ልንገርህ፣ የእሱም ያምራል። ርእሰ መምህሯ ስድስቱን ጠረጴዛው ላይ ደርድራ፣ መነጽሯን አውልቃ አድርጋ፣ ከማኅተሟ ጋር አስተያየችው። ከዚያ በቀስታ «ጥፋቱ የኛ ነው» አለች። «በማኅተሙ ላይ ዛፉ ሰባት ቅጠል ነው ያለው፤ ለእናንተ በተሰጣችሁ ወረቀት ላይ ግን አንዱ ቅጠል በኮፒው ጠፍቶ ስድስት ሆኗል።» ማረም ይቻላል ወይ ብላ ሁለታችንንም አየችን። ባለ ሱፉ ኮቱን አስተካከለና፣ ሥዕሉ የሚሠራው ሌላ ከተማ ስለሆነ ሁለት ሳምንት ይበቃል አላት። እኔ ከምሳ በፊት አልኳት።

እንዴት እንደሄድኩ አላውቅም ወንድሜ። በዚህ ዕድሜዬ በዚህ ክብደቴ ሮጥኩ። ኮምፒውተሩ ቁልፉን ስነካው ነቃ፤ ሰባተኛዋን ቅጠል ከቀኝ ቅርንጫፍ ላይ ለመሳል ሻይ እስኪፈላ ድረስ እንኳ አልፈጀብኝም። ፍላሹን ለጥልፍ መኪናዋ አጎረስኳት፣ እሷም አላሳፈረችኝም። የምሳ ደወል ሳይደወል ሰባት ቅጠሉን አርማ ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጥኩት። ክሩ ገና ሞቅ ያለ ነበር።

ርእሰ መምህሯ ቅጠሎቹን በእስክሪብቶ ጫፍ ቆጠረች።

«የት አሠራሽው?»

«ቤቴ።»

«በማን ኮምፒውተር?»

«በራሴ። ዕቃውን መርጬ የገጠምኩትም እኔ ነኝ።»

ወረቀቱን ስባ ፈረመችበት፣ ማኅተሙን አሳረፈችበት። ዘጠኝ መቶ አርማ ወንድሜ፤ በየዓመቱ ለሚገቡ አዲስ ተማሪዎችም የምጠልፈው እኔው ነኝ። የክፍሌ በር አይዘጋም። ይህን ስጽፍ እንኳ አንጀቴ ቅቤ ይጠጣል።

ከግቢው ስወጣ የልጆቼ አባት አውቶቡስ በመንገዱ ሲመጣ አየሁና ወረቀቱን ከፍ አድርጌ አውለበለብኩ። ሰውየው ፌርማታ በሌለበት ቆመ። በሃያ ዓመት ሥራው አንድ ቀን ያላደረገውን። ሚስቴ ኮምፒውተር ሠርታ ሥራ አሸነፈች ብሎ ለተሳፋሪው ተናገረ፤ ምን እንደሆነ ያልገባቸው ሁሉ አጨበጨቡ። አንዲት አሮጊት በመስኮት ወጣ ብለው፣ ልጄ ለእኔም ስልኬን እዪልኝ አሉኝ።

ባለ ሱፉ ከሰዓት በኋላ መጣ፤ ኮቱን አውልቆ ክንዱ ላይ ይዞት ነበር፣ ሲያወልቅ ሳየው የመጀመሪያዬ ነው። እንኳን ደስ ያለሽ አለኝና፣ የሸሚዝ ኪስ ላይ የስም ጥልፍ ለሚያዙት ደንበኞቹ እኔ እሠራለት እንደሆነ ጠየቀኝ። ሥራ ሥራ ነው፣ አልጠላሁም። ከአርማው በኋላ ተራ ያዝ አልኩት። ተራ ያዘ።

ለአንተ ደግሞ ቂም የለኝም፤ ያልከው ከክፋት አይደለም፣ አሳቢዬ ነህ። ግን ቃልህን መልስ። በልክ ይሰፋል ወንድሜ፣ በደንብ ነው የሚሰፋው። የምትሠራበትን ሥራ ቀድመህ ማወቅ፣ ለእሱ የማይረዳውን ለመሰረዝ መድፈር፣ ክሩ ላይ አለመቆጠብ፣ ያ ነው። ገበሩን ደግሞ ለኮት መተው። አንተም ያንን የሚንጓጓ ኮምፒውተርህን ስትቀይር ሳትጠይቀኝ እንዳትገዛ።

እናታችንን ጉልበቷን ሳምልኝ። ይህን ደብዳቤ ቀስ ብለህ አንብብላት፤ ገበሩ ጋ ስትደርስ ደግመህ አንብብላት፣ ሳቅ ለጉልበት መድኃኒት ነው። ሚስትህን እቅፍ አድርጌ ሰላም ብያታለሁ፤ የላከችልኝ የዓይን መነጽር ባይኖር ኖሮ እነዚያን ጥቃቅን ብሎኖች በእጄ ዳብሼ ነበር የምፈልጋቸው። ለትልቋ ልጅህ፣ ፈተናሽን አትፍሪው፣ አክስትሽ በዚህ ዕድሜዋ ተፈትና አልፋለች በልልኝ። መጫወቻውን ሁሉ እየፈታ የሚያስቸግርህን ትንሹን ደግሞ አትቆጣው፤ ብሎኖቹን ብቻ አይጣላቸው በለው። ለሚስትህም አባት፣ ዳማውን ማሸነፋቸውን ሰምቻለሁ፣ እንኳን ደስ ያለዎ በልልኝ። የልጆቼ አባት ሁላችሁንም ሰላም ይላችኋል፤ አውሮፕላኑን ግን ገና አላስነሣሁትም ይላል።

ወዳጅህ፣ አሳዳጊህ፣ ታላቅ እህትህ
ከስፌት ክፍሌ፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ በሬ ወለል ብሎ ተከፍቶ

ይኸው ዋናውን ሳልጽፍ ልዘጋው ነበር። ትምህርት የሚከፈተው በሚመጣው ወር የመጀመሪያው ሰኞ ነው፤ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ዘጠኝ መቶ ልጆች እጄ የጠለፈውን አርማ ደረታቸው ላይ አድርገው በትምህርት ቤቱ በር ይገባሉ። እኔ አጥሩ ዳር ቆሜ አያለሁ፣ ከዚያ ድግሱ በእኔ ክፍል ነው። ሥራ አለብኝ፣ መንገዱ ሩቅ ነው የሚል ምክንያት አልሰማም። እናታችንን አውቶቡሱ ውስጥ በመስኮት በኩል አስቀምጣችሁ፣ ሁላችሁም አንድ ሳትቀሩ በዋዜማው እሑድ ግቡልኝ፤ ቀኑ ሰኞ ነው።